ስለ እጅ ሥራ ዋጋና ስለ ይሉኝታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከመርፌና ከክር የሚጀምር ስለ ሆነ፣ ምናልባት አንዳንዱ ሰው «ካህንን ከመቅደሱ አውጥቶ ወደ ልብስ ሰፊ ቤት ምን አስገባው?» ይል ይሆናል። ያስገባኝ የራሴ በደል ነው፤ እርሱንም አልሸሽግም።

በአጥቢያችን ልብስ እየሰፋች የምትኖር አንዲት መበለት አለች። ስሟን አልጠራም፤ ነገሩን ግን ለሌላው ይጠቅም ዘንድ እንድናገረው ፈቅዳልኛለች። ባሏ ካረፈ በኋላ ሦስቱን ልጆቿን የምታሳድገው በእግር በሚረገጥ አንድ የስፌት መኪና ነው። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ መኪናው ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፣ አልጋው ከመጋረጃው በስተኋላ ነው፤ ሥራውና ኑሮው አልተለያየም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሩቅ ስላልሆነች ቅዳሴም ምሕላም አያልፋትም ነበር።

በአንድ ዓመት ግን በሰሞነ ሕማማት ታጣች። ሰኞ አልመጣችም፤ ማክሰኞም አልመጣችም። በዕለተ ስቅለት ሕዝቡ በወይራ ቅጠል እየተጠበጠበ የሚሰግደውን ቍጥር ሲቀበል፣ በየዓመቱ ትቆምበት በነበረው በሴቶች በር አጠገብ ብፈልጋት ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞት አየሁ። ታማ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። በማግሥቱ፣ በቀዳም ሥዑር ማለዳ፣ እንደ ልማዳችን ቀጤማውን ይዘን ቃጭል እያሰማን የሰላሙን የምሥራች በየቤቱ ስናዳርስ ከደጇ ደረስሁ። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ግን የመኪናው ድምፅ ይሰማል። በሩን ስመታ ድምፁ ድንገት ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ የሰባት ዓመቱ ታናሽ ልጅ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ ሆኖ «እናቴ የለችም፤ መኪናውም ተበላሽቷል» አለ።

እኔ መሆኔን በድምፄ ለይታ እናቱ ራሷ ከፈተችልኝ። በአክፍሎት ላይ ነበረች፤ ሌሊቱንም አልተኛችም። ከመኪናው አጠገብ ልብስ ተከምሯል። ቀጤማውን ሰጥቻት «ልጄ፣ ይህ ሁሉ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አንድ በአንድ እያነሣች ቈጠረችልኝ። «ይህ የባሌ እኅት ቀሚስ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የልጆቿ ናቸው። ይህ የክርስትና እናቴ ነው። ይህች ዚፑ የሚቀየረው የማኅበር ጓደኛዬ ናት። ይህ ሱሪ የጎረቤታችን ነው፤ ትንሽ ማሳጠር ብቻ ነው ብሎኛል።» ሁሉም 14 ነበሩ። ከ14ቱ ዋጋ የተቈረጠላቸው 3 ብቻ ነበሩ። አራተኛው ባለ ገንዘብ ሥራው ስለ ዘገየበት በዋዜማው ጨርቁን መልሶ ወስዷል። የቤት ኪራዩም ቀን አልፏል።

አንዱን ግን ስሙን ሳትጠራ ዘለለችው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጧል። መጠየቅ አላስፈለገኝም። የእኔ ቀሚስ ነበር። በደብረ ዘይት ሰሞን ጨርቁን አምጥቼ «ለፋሲካ ይድረስልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብያት ነበር። ክሩን በምን እንደምትገዛው አልጠየቅሁም፤ ቁልፉንም አላመጣሁም።

«አባቴ፣» አለችኝ፣ «ድካሙስ ይሁን፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ያስለቀሰኝ ልጄን ውሸት ማስተማሬ ነው። የሚመጣው ሁሉ ዘመድ ነውና እንቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ስለዚህ ልጁን ‹የለችም በል› አልሁት። አሁን እኔ ሳላዘውም ይለዋል።»

ወገኖቼ ሆይ፤ ከዚያ ቤት ወጥቼ ቀጤማውን ወደ ሌሎቹ ቤቶች ሳዳርስ ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። በዐውደ ምሕረት ቆሜ ስለ ሐሰት ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! በዚያ ሕፃን አፍ ለገባው ሐሰት ግን አንዱ ምክንያት የእኔ ቀሚስ ነበር።

እንግዲህ መጽሐፍ በዚህ ነገር ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 29 ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ወደ እናቱ ወንድም ወደ ላባ ቤት ገባ። አንድ ወር ያህል ከእርሱ ጋር ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ላባ፣ ዝምድና ሰውን ያለ ዋጋ ለማሠራት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ራሱ አንሥቶ ተናገረ፤ ደመወዙንም ያዕቆብ በገዛ አፉ እንዲወስን ጠየቀው። ላባ እንዴት ያለ ሰው እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። በሠርጉ ሌሊት ልያን በራሔል ፈንታ የሰጠ፣ ደመወዙን ዐሥር ጊዜ ለዋወጠብኝ ብሎ ያዕቆብ የከሰሰው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ተንኰለኛ ሰው እንኳ የእኅቱን ልጅ በነጻ ማሠራት ነውር መሆኑን ዐወቀ። እኛ ግን ጨርቃችንን ይዘን ወደ ዘመዳችን ቤት ስንገባ ላባ የጠየቀውን ጥያቄ እንኳ አንጠይቅም።

ሙሴ የሠራተኛው ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር፣ ለድኃውም ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጠው አዟል። ነቢዩ ኤርምያስ ደግሞ በምዕራፍ 22 የኢዮስያስን ልጅ ንጉሡን ኢዮአቄምን የወቀሰው ቤቱን በዝግባ ስላስጌጠ ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራውን አሠርቶ ዋጋውን ስለ ከለከለው ነው። አስተውሉ፤ ነቢዩ ሠራተኛውን ባሪያ ወይም ባዕድ አላለውም፤ ባልንጀራ ብሎ ጠራው። ከባዕድ ጋርማ ዋጋ ተስማምተን እንሠራለን፤ ዋጋው ባይከፈል ዳኛ አለ። ባልንጀራ ግን ወዴት ሄዶ ይከሳል?

ብዙ ሰው የሚበድለው ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ ነው። «ትንሽ ነገር ናት፤ አንድ ጊዜ መኪና አሳልፊባት» ይላል። እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ሴት ግን ቈጥራ አስረዳችኝ። ከአዲስ ልብስ ይልቅ የተሰፋውን ማስተካከል ይከብዳል፤ አስቀድሞ የቀደመው ስፌት ጨርቁን ሳይጎዳ መተርተር አለበትና። ዚፕ ለመቀየር ገበሩ ይፈታል፣ ይሰፋል፣ ይተኮሳል። ለእኔ ቀሚስ መለካቱ፣ በጠመኔ መሥመሩ፣ መቍረጡ፣ እጅጌውን መግጠሙ፣ ኮሌታውን ማቆሙ፣ ጠርዙንም በእጅ መዘምዘሙ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ወስዶባታል። ክሩ በገንዘብ ይገዛል፤ መርፌ ይሰበራል፤ ለካውያው ከሰል ወይም መብራት ያስፈልጋል፤ ዐይን ደግሞ ይደክማል፤ ዐይንን የሚተካ ገበያ የለም። ከሱቅ የሚገዛው ልብስ በርካሽ መገኘቱም ብዙዎችን አታሏል። በፋብሪካ ጨርቁ በብዙ ድርብ ተነባብሮ ባንድ ጊዜ ይቈረጣል፤ አንዱ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ፣ ሌላው ኮሌታ ብቻ ይሰፋል። የእኛይቱ ሴት ግን ለካ ቈርጣ፣ ሰፍታ ተኩሳ፣ ሁሉንም ብቻዋን የምትፈጽም ናት። አሁንማ በባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች እንኳ የቀሚስ ሥዕል በስልክ እየላኩ «ይህን የመሰለ ለሠርግ ስፊልን» ይላሉ፤ ሥዕል ለመላክ አንድ ጣት ይበቃል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን። በዚህ ተረት ውስጥ ቀሚሱ አለ፣ በዓሉም አለ፤ ቀሚሱ ለጥምቀት እንዲደርስ ሌሊቱን የነጋበት ሰው ግን የለም።

የእጅ ሥራን ማቃለል በአገራችን የቈየ ሕመም ነው። ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው በሥራቸው ምክንያት ሲሰደቡ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ነገር ግን ሥራውን እንደ ከንቱ ቈጥሮ ያለ ዋጋ መጠየቅ ከስድቡ የራቀ አይመስለኝም። እግዚአብሔር ግን እንዲህ አላየውም። የመገናኛውን ድንኳን የሠሩት እነ ባስልኤል የእጅ ጥበብን ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተቀበሉ በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። የዳን ወገን የሆነው ኤልያብም በሰማያዊና በቀይ ግምጃ፣ በጥሩም በፍታ የሚጠልፍ ሰው ነበረ። የአሮን ልብሰ ተክህኖ ከሰማይ አልወረደም፤ በእንደነዚህ ባሉ ሰዎች ጣት ተሰፋ እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል፤ ወንጌልን ሲያስተምር በማንም ላይ ሸክም እንዳይሆን በእጁ ሠርቶ መብላቱን ደጋግሞ ያነሣዋል።

«ታዲያ ዘመድ ከዘመድ ዋጋ የሚጠይቅ ከሆነ ዝምድና ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያደግንበትን የገጠር ሕግ እናስታውስ። ገበሬው እርሻው ሲበዛበት ወንፈል ይጠራል፤ ዛሬ የአንተን አርሰን ነገ የእኔን እናርሳለን ማለት ነው። አንድ ቀን የተቀበለ አንድ ቀን ይመልሳል፤ ሳይመልስ የቀረ በሚቀጥለው ዓመት የሚረዳው አያገኝም። ደቦ ቢጠራም የጠራው ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል እንጂ ሠራተኛውን በባዶ ሆዱ አይሸኝም። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ፍቅር ስላነሳቸው አይደለም፤ ፍቅሩ እንዲዘልቅ ነው። በከተማ ስንኖር መጠየቁን ይዘን መመለሱን ረሳነው። ለዚያች መበለት ከተሰፋላቸው ዘመዶች መካከል አንዱ ግንበኛ ነው፤ የጣራዋን ቀዳዳ ያየ ግን የለም። አንዷ መምህርት ናት፤ ልጇን አንድ ማታ ያስጠናላት የለም። ገንዘብ የሌለው ሰው ጉልበት አለው፤ ጉልበት የሌለው ልጅ ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል። ይህን ሁሉ ትቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ ማለት የእኛን ዕዳ በእግዚአብሔር ላይ መጻፍ ነው።

በነጻ መስፋት ፈጽሞ አይገባም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 በኢዮጴ ስለ ነበረችው ስለ ጣቢታ ተጽፏል፤ ዶርቃም ትባላለች። ይህች ሴት በሞተች ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስን ከልዳ ጠሩት። ወደ ሰገነቱ ሲገባ እያለቀሱ ከበቡት፤ ዶርቃ የሠራችላቸውንም ልብስ እያነሡ አሳዩት። ያሳዩት እነማን ነበሩ? መበለቶች ናቸው። የሚከፍሉበት የሌላቸው፣ ብድሩን ሊመልሱ የማይችሉ ነበሩ። ዶርቃ ለባለጠጎች በነጻ ስትሰፋ ኖራ ቢሆን፣ ለእነዚያ መበለቶች የሚተርፍ ጊዜ ባልኖራት ነበር። መክፈል የሚችል ሰው በዝምድና ስም ሳይከፍል ሲያሠራ የሚወስደው የሰፊዋን ድካም ብቻ አይደለም፤ መክፈል የማይችለውን የድኃውን ተራ ጭምር ነው። ያ ሱሪ ባይመጣ ኖሮ በዚያ ሰዓት አንድ የየኔ ቢጤ ልብስ ይጠገን ነበር።

የሐናንም ነገር አስቡ። ልጇን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ማንም አልጠየቃትም፤ ያዘዛትም የለም። ፍቅር ሳይጠየቅ ሲሰፋ እንዲህ ነው። በልጅ ክርስትና፣ በእኅት ሠርግ፣ ለታመመች እናት እንዲህ ያለ ስፌት ይገባል፤ እጅም አይከብደውም።

ይሉኝታ ግን ፍቅር አይደለም። ይሉኝታ የሰው ፊት መፍራት ነው። በፍቅር የሚሰጥ ሰው ከሰጠ በኋላ ደስ ይለዋል፤ በይሉኝታ የሚሰጥ ሰው ግን ሲሰፋ ያጕረመርማል፣ ሲያስረክብ ፈገግ ይላል፣ በሩን ዘግቶ ይራገማል። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ምጽዋት ሲጽፍ ስጦታ በኀዘንና በግድ እንዳይሆን ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው። ደግሞም ይሉኝታ ብቻውን አይመጣም፤ ሐሰትን ያስከትላል። መጀመሪያ «እሺ» ይባላል፤ ቀጥሎ «ነገ ነይ» ይባላል፤ ከዚያም «መኪናው ተበላሽቷል» ይባላል፤ በመጨረሻም ሕፃኑ ከበሩ ኋላ ይቆማል። ጌታችን ቃላችን አዎን ሲሆን አዎን፣ አይደለም ሲሆን አይደለም እንዲሆን አዝዞናል። «አይሆንልኝም» ማለት በደል ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ቃል አይተውልንም ነበር።

ስለዚህ በእጃችሁ ጥበብ የምትኖሩ እናቶችና ወንድሞች ሆይ፤ ነገሩን መቀሱ ጨርቁን ሳይነካ ተናገሩ። ከተቈረጠ በኋላ የሚነገር ዋጋ ጠብ ያስነሣል። ለዘመድ ዋጋ መቀነስ የምትፈልጉ እንደ ሆነ «ለሌላው ይህን ያህል ነው፤ ለአንተ ይህን ያህል ነው» ብላችሁ ሁለቱንም ንገሩት፤ አለዚያ የተውላችሁለትን አያውቀውም። በነጻ የምትሰጡ እንደ ሆነም «ይህ ስጦታዬ ነው» በሉ። ጊዜ የሌላችሁ እንደ ሆነ «ከበዓሉ በኋላ» ማለት ኀጢአት አይደለም፤ የሰው ልጅ ያለ አዲስ ልብስም ፋሲካን ያከብራል። ለነፍሳችሁም ከዐሥር ሥራ አንዱን ለድኃ ለዩለት፤ ለማን እንደምትሰፉ ግን ጠያቂው ሳይሆን እናንተ ወስኑ። በመጀመሪያ አንዳንዱ ያኰርፋል፤ ይህን አልደብቃችሁም።

ጨርቅ ይዛችሁ የምትሄዱትም፣ ክሩንና ቁልፉን ጨምራችሁ ውሰዱ። ዋጋውን እናንተ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰፊው ዘመዳችሁ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ ለእርሱ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብደው ከሌላው ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁና። ሥራውን በበዓል ዋዜማ አታምጡ። ቅዳሜ ማታ ወስዳችሁ ለእሑድ ቅዳሴ ይድረስልኝ ያላችሁ እንደ ሆነ፣ እናንተ በአዲስ ልብስ ስታስቀድሱ እርሷ ከቅዳሴ ትቀራለች።

ወደ ጀመርሁት ነገር ልመለስ። በዚያ የትንሣኤ ሌሊት አዲሱን ቀሚስ ለመልበስ አልደፈርሁም፤ በአሮጌው አገለገልሁ። በዳግም ትንሣኤ ሳምንት የሥራውን ዋጋ ከሌሎች ሰፊዎች ጠይቄ ገንዘቡን ይዤላት ሄድሁ። «ከካህን እጅ ገንዘብ አልቀበልም» አለች። እኔም «ልጄ፣ ወደሽ የምትሰጪኝ ከሆነ በደስታ እቀበላለሁ፤ አፍረሽ ከሆነ ግን ይህን ለብሼ በመንበሩ ፊት መቆም አይቻለኝም፤ ልብሽን ጠይቂ» አልኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ገንዘቡን ተቀብላ ቈጠረችና የክሩን፣ የቁልፉን፣ የድካሟንም ግማሽ ለራሷ አስቀረች፤ የቀረውን «ይህ ስለ ባሌ ነፍስ ከእኔ ለቤተ ክርስቲያን ነው» ብላ መለሰችልኝ። ታናሹንም ልጅ ጠርታ በፊቴ «የለችም በል ያልሁህ እኔ ነበርሁ፤ የበደልሁት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ በሩን ክፈትና ራሴ እናገራለሁ» አለችው።

በሚቀጥለው ዓመት በዐቢይ ጾም ከበሯ ላይ በታላቂቱ ልጇ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከሆሣዕና በኋላ ሥራ እንደማትቀበል የሚናገር ነው። የባሏ እኅት አንብባው ተቈጥታ ሄደች፤ ሁለት ወር ያህል ሰላምታ ነፍጋት ቈየች። በኋላ ግን ጨርቁንም ገንዘቡንም ይዛ መጣች። የማኅበር ጓደኛዋ እስካሁን አልተመለሰችም፤ መበለቲቱም ስለ እርሷ ስታነሣ ታዝናለች። በዕለተ ስቅለት ግን በሴቶች በር አጠገብ በቀድሞ ቦታዋ ከሦስቱ ልጆቿ ጋር ስትሰግድ አየኋት።

እኔም በዚያ ዓመት ስግደት የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሮብኝ ስለ ነበር በሐምሌ ወር ክርና ገንዘብ ይዤ ወደ ቤቷ ሄድሁ። በደጁ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ካህን ነው ብለው ሊያስቀድሙኝ ተነሡ፤ እኔ ግን አራተኛ ሆኜ ቆምሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።